ምስጋናው ለማን? ድንጋዩስ የማን?

ስለ ጥንታውያን ሕዝቦች ሥነ ጽሑፍ ውይይት በተነሣ ቁጥር በባህል መድረኮቻችን ላይ ደጋግሞ የሚደመጥ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም፣ የጥንት ሰዎች በድንጋይ ላይ ቀርጸው ለየአማልክቶቻቸው ያቆሟቸው የምስጋና ጽሑፎች የካህናትና የነገሥታት ማደናገሪያ ከመሆን አልፈው ለዛሬ አንባቢ፣ ለዛሬ መምህርና ለዛሬ ከያኒ የሚፈይዱት ነገር የለም የሚል ነው። በአንጻሩ ደግሞ እነዚህኑ ጽሑፎች እንደ ቅዱስ ቃል ተቀብሎ፣ ድንጋዩ የተናገረው ሁሉ እውነት፣ ድንጋዩን ያቆመው ንጉሥ ሁሉ ጻድቅ ነው እያለ የሚያስተምር ወገን አለ። የመጀመሪያው ሳያነብ ይጥላል፤ ሁለተኛው ሳያነብ ይሳለማል። ሁለቱም አያነቡም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም አቋሞች መቃወም ነው። ለማስረጃ የምወስደው በአራማይክ ቋንቋ የተጻፉትን፣ አምላክ ስላደረገው ርዳታ ምስጋና የሚያቀርቡትን ጥንታውያን ጽሑፎች ነው። የመረጥኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ ድንጋዮች መካከል ከፊሎቹ የንጉሥ፣ ከፊሎቹ የተራ ሰው ናቸው፤ ቀመራቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የሚናገሩት ግን እጅግ የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ ማንበብ ያልቻለ ካድሬ፣ መምህር ወይም ደራሲ በራሱ ዘመን የሚቆሙትን የምስጋና ድንጋዮችም ለይቶ ማንበብ አይችልም። ክርክሬ ይህ ነው።

ሀ/ ቋንቋው ሩቅ አይደለም

አራማይክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛውና በ8ኛው መቶ ዓመት በሶርያ ምድር የነበሩ ትናንሽ መንግሥታት ይጽፉበት የነበረ ቋንቋ ነው። ኋላ የአሦር፣ የባቢሎንና የፋርስ ነገሥታት የጽሕፈት ቤታቸው ቋንቋ አድርገውት ከላይኛው ግብፅ እስከ አፍጋኒስታን ተራሮች ድረስ ተጽፎበታል። መንግሥታቱ ሲወድቁ ቋንቋው አልወደቀም፤ ዛሬም የሚናገሩት ሕዝቦች አሉ።

ለእኛም ቢሆን ባዕድ አይደለም። ‹ሃይማኖት›፣ ‹ኦሪት›፣ ‹ታቦት›፣ ‹ጣዖት›፣ ‹ምጽዋት›፣ ‹ዓርብ› የምንላቸው ቃላት ከአራማይክ ወደ ግእዝ የገቡ መሆናቸውን የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት አስረድተዋል። ልብ እንበል፤ እምነትን የምንጠራበት ቃልና እምነታችን የሚያወግዘውን የምንጠራበት ቃል ሁለቱም ከአንድ ቤት የመጡ ናቸው። ከሐለብ በስተሰሜን የተገኘና በሐለብ ሙዚየም ሲጠበቅ የኖረ፣ መልቃርት ለተባለው አምላክ የቆመ አንድ ሐውልት አለ። ያቆመው ባር ሐዳድ የተባለ የአራም ንጉሥ ሲሆን፣ ሐውልቱን ያቆመበት ምክንያት ስለት ተስሎ አምላኩ ድምፁን ስለ ሰማው መሆኑን በጥቂት መስመሮች ይገልጻል። በዚያ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ‹ሰማ› የሚለው ግሥና ‹ቃል› የሚለው ስም በእኛው ሥረ ቃል ተቀምጠዋል። ግእዝ የተማረ ሰው ፊደሉን ካስለመዱት ዐረፍተ ነገሩን በግማሽ ይረዳዋል።

እንግዲህ ‹ይህ ነገር ምናችን ነው?› ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ የቋንቋ ጎረቤታችን ነው። ጎረቤቱን የማያውቅ ደግሞ የራሱን ቤት ወሰን አያውቅም።

ለ/ ባለ ሰማዩና ባለ ዙፋኑ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት መባቻ ገደማ ዛኩር የተባለ የሐማትና የሉዓሽ ንጉሥ አንድ ሐውልት አቆመ። የሐውልቱን ስባሪዎች እ.ኤ.አ. በ1903 ፈረንሳዊው ቆንስል አንሪ ፖኞን ከሐለብ በስተደቡብ ምዕራብ ከምትገኘው ከአፊስ አገኛቸው፤ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ይገኛሉ። የንጉሡ ስም እንኳ ‹ዝክር› ከሚለው ቃላችን ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሰውዬው እንዲታወስ ስም ወጥቶለታል፤ በድንጋዩም ታውሷል።

ጽሑፉ የሚተርከው የከበባ ታሪክ ነው። የአዛሄል ልጅ የአራም ንጉሥ ባር ሐዳድ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ‹ወልደ አዴር› ተብሎ የሚታወቀው፣ ከ10 የሚበልጡ ነገሥታትን አስተባብሮ ዛኩርን ሐዝራክ በተባለችው ከተማ ከበበው። ከባቢዎቹ ከከተማይቱ ቅጥር የሚበልጥ ቅጥር ሠሩ፤ ከከተማይቱ ጕድጓድ የሚጠልቅ ጕድጓድ ቆፈሩ። ያን ጊዜ ንጉሡ እጆቹን ወደ ባዓል ሻማይን አነሣ፤ አምላኩም በባለ ራእዮችና በመልእክተኞች አፍ መለሰለት፤ አትፍራ አለው፤ ያነገሥሁህ እኔ ነኝና ከዚህ ከበባ አወጣሃለሁ አለው። የአምላኩን ስም በእኛ ቋንቋ ብንፈታው ‹ባለ ሰማይ› ማለት ነው፤ ‹ባለ ቤት›፣ ‹ባለ መሬት› እንደምንለው።

ይህን ታሪክ ለመድረክ ሊያዘጋጅ የተነሣ ጸሐፌ ተውኔት አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ተዋንያኑ እነማን ናቸው? በድንጋዩ ላይ የምናገኘው አንድ ንጉሥ፣ አንድ አምላክ፣ ስማቸው የተዘረዘረ ጠላት ነገሥታትና ስማቸው ያልተጠቀሰ ባለ ራእዮችን ብቻ ነው። ያን ጥልቅ ጕድጓድ በዶማ የቆፈረው ማነው? በተከበበችው ከተማ ውስጥ ውኃ የተሸከመችው፣ ልጇን በረኀብ ያስተኛችው፣ በቅጥሩ ላይ ቆሞ ቀስት የተቀበለው ማነው? ድንጋዩ አንዳቸውንም አያውቅም። ድሉ ከሰማይ ወደ ንጉሡ በቀጥታ ወረደ፤ በመካከል ሕዝብ የሚባል ነገር የለም።

ሌላም የጎደለ አለ። ነገሥታት ሐውልት ሲያቆሙ የአባታቸውን ስም መጥራት ልማዳቸው ነው፤ ዛኩር ግን የአባቱን ስም አይጠራም። ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ዙፋኑን በውርስ ሳይሆን በሌላ መንገድ የያዘ ሰው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንጾኪያ አቅራቢያ የተገኘ አንድ የአሦር ሐውልት ደግሞ የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ አዳድ ኒራሪና የጦር አዛዡ ሻምሺ ኢሉ በዛኩርና በአርፋድ ንጉሥ መካከል ወሰን እንዳካለሉ ይናገራል። የአርፋድ ቤት ሐዝራክን ከከበቡት አንዱ ነበረ። ስለዚህ ከበባው የተሰበረው በአሦር ጦር ግፊት ሊሆን እንደሚችል ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። በዛኩር ድንጋይ ላይ በቀረው ጽሑፍ ግን ምስጋናው ሁሉ ለሰማይ ነው፤ የአሦር ስም አይታይም።

አባቶቻችን ‹ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ› ሲሉ የተረቱት ይህንኑ ምሥጢር ስለ ተረዱ ነው። ንጉሡ ከማይታረሰው ሰማይ ሥር የተጠለለው እንዳይከሰስ ነው። ‹ባለ ሰማይ አነገሠኝ› ያለ ሰው ‹ማን አነገሠህ?› ተብሎ አይጠየቅም። በሰምና ወርቅ ቋንቋ ብንናገር፣ የዛኩር ሐውልት ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ የሥልጣን ማስረጃ ነው።

እስከዚህ ድረስ ‹ማደናገሪያ ነው› ከሚሉት ወገኖች ጋር የምስማማ እመስላለሁ። ነገር ግን እነርሱ የሚቆሙበት ቦታ ንባቡ የሚጀመርበት ነው። ‹አትፍራ› የሚባለው የፈራ ሰው ነው። ዛኩር የጻፈው ሁሉ ለሥልጣን ብቻ የታሰበ ቢሆን ኖሮ መፍራቱን የሚያሳይ ቃል ባላስገባ፤ ከሱ የሚበልጥ ቅጥር፣ ከሱ የሚጠልቅ ጕድጓድ መሠራቱን ባልመሰከረ። ከሥልጣኑ ቋንቋ ሥር የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። የሥነ ጽሑፍ ሥራ ሁለቱን አብሮ መስማት ነው፤ ንጉሡን ማጋለጥና ሰውየውን መስማት።

ሐ/ ሕዝቡ የሚገኘው በእርግማኑ ውስጥ ነው

እ.ኤ.አ. በ1979 በሰሜን ምሥራቅ ሶርያ በቴል ፈኸሪዬ ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸ በሰው ቁመት የሆነ ሐውልት በአጋጣሚ ተገኘ። ሐውልቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ9ኛው መቶ ዓመት ሥራ እንደሆነ በብዙዎች ይታመናል። ያቆመው ሐዳድ ይስዒ የተባለ የጎዛን ገዥ ሲሆን፣ የተበረከተውም ለዝናምና ለነጐድጓድ አምላክ ለሐዳድ ነው። በልብሱ ላይ በአሦርኛና በአራማይክ፣ በሁለት ቋንቋ ተጽፎበታል።

አሁን ‹ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል› የሚለውን ብሂል እናስታውስ። በአሦርኛው ጽሑፍ ሰውዬው ራሱን የጎዛን ‹አገረ ገዥ› ብሎ ይጠራል። በአራማይኩ ጽሑፍ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ‹ንጉሥ› ነኝ ይላል። ለሚገብርለት ኃይል ሹመኛ፣ ለሚያስገብረው ሕዝብ ንጉሥ! በአንድ ልብስ ላይ በሁለት አፍ የተናገረ ሹም የዛሬ ፈጠራ አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሰነድ አይገኝም። ይህን ሐውልት ‹የጣዖት ነገር› ብሎ የጣለ ካድሬ ከእጁ ያመለጠው ጣዖት አይደለም፤ የሁለት ምላስ ፖለቲካ ታሪክ ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የጽሑፉ መጨረሻ ነው። ገዥው ለነፍሱ ሕይወት፣ ለዕድሜው ርዝመት፣ ለቤቱ ደኅንነት ሲል ሐውልቱን እንዳበረከተ ከተናገረ በኋላ፣ ስሙን ከድንጋዩ የሚፍቀውን ሰው ይረግማል። እርግማኑ የሚዘረዝረው መከራ እንዲህ ያለ ነው። ሰውዬው 1000 መስፈሪያ ገብስ ዘርቶ ቁራሽ መስፈሪያ ብቻ እንዲያጭድ፤ 100 ላም አንድ ጥጃ አጥብታ እንዳታጠግብ፤ 100 ሴት አንድ ሕፃን አጥብታ እንዳታጠግብ፤ 100 ሴት በአንድ ምድጃ ዳቦ ጋግራ ምድጃውን እንዳትሞላ፤ ሕዝቡም ከቆሻሻ ክምር ገብስ ለቅሞ እንዲበላ።

በምስጋናው ክፍል ሕዝቡ የሚታየው ደኅንነቱ ከሚለመንለት ከገዥው ቤት ኋላ ተከትሎ፣ በአንድ ቃል ብቻ ነው። በእርግማኑ ክፍል ግን ምድጃው፣ ጡቷ የደረቀው እናት፣ የከሳው ጥጃ፣ ከቆሻሻ ላይ ገብስ የሚለቅመው ሰው በዓይናችን ፊት ይቆማሉ። ጸሐፊው እነዚህን ከሰማይ አላመጣቸውም፤ አይቷቸዋል። የዚያ ዘመን ሰው በእርግጥ የሚፈራው ምን እንደሆነ የሚነግረን ይህ ነው። ገዥው ሳያስበው፣ ስሙን ለመጠበቅ ሲል፣ የሕዝቡን ረኀብ በድንጋይ ላይ አስቀምጦልናል። ረኀብን በአጥንቱ የሚያውቅ አገር ልጅ ሆኖ ይህን አንብቦ ‹ምናችን ነው?› የሚል ካለ፣ ጥያቄው ስለ ሶርያ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው።

ሦስተኛ ማስረጃ እንጨምር። በሰሜን ዓረብ ምድር በቴማ ቻርል ሁበር የተባለ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኘውና ዛሬ በሉቭር ያለ የአራማይክ ሐውልት አለ። አዲስ አምላክ ወደ ከተማይቱ መግባቱንና ካህኑ ማን እንደሆነ ይገልጻል። የካህኑ ስም ሲፈታ ‹ሳልም አዳነ› ማለት ነው፤ ምስጋናው በስም ተቋጥሯል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ሒሳቡ ይመጣል፤ ከእርሻው 16 የተምር ዛፍ፣ ከንጉሡ ሀብት 5 የተምር ዛፍ፣ በድምሩ 21 የተምር ዛፍ በየዓመቱ ለቤተ መቅደሱ ይሰጣል፤ ክህነቱም ለካህኑ ዘር ለዘለዓለም ይሆናል። ምስጋና ከሰማይ ቢጀምርም ከተምሩ ግርጌ ይደርሳል ማለት ነው። መደብን የማያውቅ አንባቢ የላይኛውን ብቻ፣ ሥነ ጽሑፍን የማያውቅ አንባቢ የታችኛውን ብቻ ያነባል።

መ/ ስሙ ያልተጻፈው አምላክ

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ድንጋይ እንሻገር። በሶርያ በረሃ መካከል ፓልሚራ፣ በጥንት ስሟ ተድሞር፣ የምትባል የነጋድያን ከተማ ነበረች። በዚህች ከተማ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት ሰዎች ከ100 እጅግ የሚበልጡ ትናንሽ መሠዊያዎችን አቁመዋል። የሚበዙት የአገሬውን ነጭ ድንጋይ ጠርበው የሠሯቸው፣ ከሐውልት ይልቅ ለቤት ዕቃ የሚቀርቡ ናቸው። የተበረከቱለት አምላክ ስሙ አልተጻፈም። በስሙ ቦታ ‹ስሙ ለዘለዓለም የተባረከ፣ ቸርና ርኅሩኅ› የሚል ብቻ እናነባለን። በአራማይኩ ‹ብሪክ ሽሜህ ልዓልማ› የሚለው ቀመር ‹ብሩክ›፣ ‹ስም›፣ ‹ለዓለም› ከሚሉት ቃሎቻችን ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን ለመገንዘብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ይህ ስሙ ያልተጻፈ አምላክ ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ለእኛ የሚያሳስበን ግን አመስጋኙ ነው። እዚህ ንጉሥ የለም፤ ከበባ የለም፤ የተዘረዘሩ ጠላቶች የሉም። የሚያመሰግኑት ተራ ወንዶች፣ በራሳቸው ስም ድንጋይ ያቆሙ ሴቶች፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ጭምር ናቸው። ምክንያታቸውም አጭር ነው፤ ጠርቶት ስለ መለሰለት፤ ለራሱ ሕይወት፣ ለልጆቹ ሕይወት። አንዳንዱ ‹በጭንቅ ጠራው፣ በሰፊው መለሰለት› የሚል ትርጉም ያለው ቃል ይጨምራል። ጭንቁ ምን እንደነበረ አይናገሩም። ምጥ ይሆን? ሽፍታ ያገኘው ግመል ነጂ ይሆን? ትኩሳት ያነደደው ሕፃን? ድንጋዩ ዝም ይላል። ነገር ግን ይህ ዝምታ የዛኩር ዓይነት ዝምታ አይደለም። ዛኩር ዝም ያለው ሊደብቅ ነው፤ የተድሞር እናት ዝም ያለችው የሚያውቀው ያውቀዋልና ነው።

ልዩነቱን በግልጽ እናስቀምጠው። የንጉሥ ምስጋና በሌሎች ላይ የሚነገር ነው፤ ‹አምላክ ከእኔ ጋር ነውና ተገዙ› ይላል። የተራው ሰው ምስጋና በማንም ላይ አይነገርም፤ ‹ተጨንቄ ነበር፤ ዳንሁ› ይላል። ቀመሩ አንድ፣ መደቡ ሁለት ነው። ታሪክን በቁስ አካላዊ ዓይን አያለሁ የሚል ሰው ይህን ሳይለይ ሁለቱንም በአንድ ስም ‹የገዥ መደብ ማደናገሪያ› ብሎ ከጠራ፣ የተራውን ሰው ድምፅ ከገዥው ድምፅ ጋር አብሮ ቀብሮታል። ማርክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1844 በጻፈው የሃይማኖት ትችት ስለ ማደንዘዣው ከመናገሩ በፊት ሃይማኖት የእውነተኛ ሰቆቃ መግለጫም፣ በዚያ ሰቆቃ ላይ የሚሰማ ተቃውሞም መሆኑን ገልጿል። ማደንዘዣውን በቃሉ ይዞ ሰቆቃውን የረሳ ተማሪ ግማሽ ትምህርት ነው የተማረው።

ሠ/ ሳያነቡ መጣል የት ያደርሳል?

‹ይህ ሁሉ የንባብ ጉዳይ ነው፤ ማንንም አይጎዳም› የሚል ይኖራል። እስቲ ተድሞር ምን እንደደረሰባት እናስታውስ። በነሐሴ ወር 2007 ዓ.ም. ራሱን ‹እስላማዊ መንግሥት› ብሎ የሚጠራው ቡድን በከተማይቱ የነበረውን የባዓል ሻማይን ቤተ መቅደስ በፈንጂ አፈረሰ፤ በዚያው ወር ታላቁን የቤል ቤተ መቅደስ ደገመ። ከዚህ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የተድሞርን ቅርሶች ለ40 ዓመት ያህል በኃላፊነት የጠበቁትን፣ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈውን ሊቅ ኻሊድ አል አስዓድን በአደባባይ ገደለ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በሊቢያ ምድር ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችንን ያረደውና ሬሳቸውን ለዓለም ያሳየው ይኸው ቡድን ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

የገዳዮቹ ክርክር ምን ነበር? ‹ይህ የጣዖት ነው፤ ለእውነተኛ አማኝ አይጠቅምም› የሚል ነው። አንዳንዱ ካድሬያችን ‹ይህ የአጉል እምነት ነው፤ ለነቃ ሕዝብ አይጠቅምም› ሲል ፈንጂ አይዞ ይሆናል፤ ዓላማውም የተለየ ነው። ዳሩ ግን የአስተሳሰቡ መንገድ አንድ ነው። ሁለቱም ድንጋዩን የሚመዝኑት በያዘው ምስክርነት ሳይሆን በአምላኩ ስም ነው። አንዱ ድንጋዩን ያፈርሳል፤ ሌላው አንባቢውን ያሳጣዋል። አንባቢ ያጣ ድንጋይ ደግሞ ለአፍራሹ የተዘጋጀ ድንጋይ ነው፤ ምክንያቱም የሚጮህለት የለውም።

የተድሞርን ፊደል ባርቴሌሚ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 የፈታው፣ ተጓዦች ከቦታው የገለበጧቸውን በግሪክና በአራማይክ የተጻፉ ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው። የሞቱት የሴም ፊደላት ዳግም መነበብ የጀመሩት በዚህ ነው። ያን ጊዜ ማንም ‹አምላኩ የኛ አይደለም› ብሎ ቢጥለው ኖሮ ከ1500 ዓመት በፊት የተናገረች እናት ዛሬም ዲዳ ነበረች።

ረ/ የእኛ ድንጋዮች

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ቤጃዎችን ድል ካደረገ በኋላ ለአምላኩ ለማሕረም ምስጋና 1 የወርቅ፣ 1 የብርና 3 የነሐስ ምስሎች እንዳቆመ በድንጋይ አስጽፏል። ከአገራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ምድር የተወሰዱት 4,400 ሰዎችም በዚያው ጽሑፍ ተቆጥረዋል። በኋለኛው ጽሑፉ ደግሞ ምስጋናው ወደ ‹እግዚአ ሰማይ› ዞሯል፤ የዛኩርን ‹ባለ ሰማይ› ያስታውሰናል። አንዱ ከሌላው ተወሰደ ማለቴ አይደለም፤ በመካከላቸው ከ1000 የሚበልጡ ዓመታት አሉ። ነገር ግን የንጉሥ ምስጋና የራሱ ሕግ አለው፤ አምላኩ ቢለወጥም ሕጉ አይለወጥም። መምህሮቻችን የዒዛናን ጽሑፍ ሲያስተምሩ የወርቁን ምስል ይቆጥራሉ። ከ4,400ዎቹ አንዱ ምን እንዳለ ተማሪው እንዲጠይቅ የሚያደርግ መምህር ግን ስንት ነው?

የተድሞር ዓይነት ምስጋናም በመካከላችን ሞልቷል። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚወርደውን ሕዝብ፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚጓዘውን ምእመን እንመልከት። ጥላ የምታስገባው፣ በስለት ያገኘችውን ሕፃን አዝላ የምትመጣው፣ በእግሩ ቀናትን የተጓዘው ሁሉ የሚናገረው ያንኑ ነው፤ ጠርቼው መለሰልኝ። ‹ስለት ሰሚ› የሚለው አነጋገራችንና የባር ሐዳድ ድንጋይ ‹ድምፄን ሰማ› የሚለው አነጋገር መንታ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ግን ድንጋይ የላቸውም፤ ቃላቸው ከአፋቸው ወጥቶ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። ይህን ቃል ሰብስቦ የሚጽፍ ከሌለ፣ የዛሬ ሺህ ዓመት ስለ እኛ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የሹሞቻችንን ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

የሹሞቻችንን ድንጋይ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ይታወቃል። በትምህርት ቤቱ፣ በሆስፒታሉ፣ በድልድዩ መግቢያ ላይ የተለጠፈውን እብነ በረድ ማለቴ ነው። የመሠረቱን ድንጋይ ያኖረው ሹም ስም፣ ሪባኑን የቆረጠው ሹም ስም፣ ቀኑና ዓመቱ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ሲሚንቶውን የተሸከመችው፣ ከእንጨቱ መወጣጫ ላይ የወደቀው ሠራተኛ ግን የዛኩርን ጕድጓድ ከቆፈሩት ሰዎች ጋር በአንድ ዝምታ ተቀብሯል። ሹሙ ሲለወጥ ድንጋዩ ይነሣል፤ ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ስም ይተካል። የሐዳድ ይስዒ እርግማን ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስሙ እንደሚፋቅ ያውቅ ነበር።

እኛስ ከያንያን? የዘመኑ ድንጋይ ጠራቢዎች እኛ ነን። የተውኔቱ መርሐ ግብር ሲታተም የመጀመሪያው ገጽ ለማን ይሰጣል? የግጥሙ መድበል መቅድም ለማን ይሰግዳል? በበዓሉ መድረክ ላይ የሚነበበው ግጥም ያመሰገነው የረዳውን ነው ወይስ የሚፈራውን? ይህ መጽሔት የሚታተመው በመንግሥት በጀት ነው፤ በጀቱ ደግሞ ከገበሬው፣ ከሠራተኛው፣ ከነጋዴው የተሰበሰበ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እዚሁ ገጽ ላይ ማንሣት ድፍረት ሳይሆን ግዴታ ነው። ምስጋና ለሚገባው ይሰጥ ከተባለ፣ ከሰማዩና ከዙፋኑ በፊት የሚመጣ ባለ ዕዳ አለ።

‹ምስጋና ሁሉ አድርባይነት ነው፤ ይቅር› የሚል ካለ በእሱም አልስማማም። ማመስገን የማይችል ሕዝብ የተደረገለትን የማያስታውስ ሕዝብ ነው፤ የማያስታውስ ደግሞ የሚጠይቀውም አይኖረውም። የተድሞር ድንጋዮች የሚያስተምሩን ምስጋና ሳይዋሽ ሊነገር እንደሚችል ነው። ‹ተጨንቄ ነበር› ማለት ሳይደብቁ፣ ‹ዳንሁ› ማለት ማንንም ሳይረግጡ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የአክሱም ጽሑፎች በትምህርት ቤቶቻችን ከጎረቤቶቻቸው ከሳባና ከአራማይክ ጽሑፎች ጋር ጎን ለጎን ይነበቡ፤ ተማሪውም ‹ድንጋዩ ማንን ጠራ? ማንን ተወ?› ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ሁለተኛ፣ የባህል ሠራተኞች በየስለቱ ቦታ የሚነገረውን የሕዝቡን የምስጋና ቃል ሳይንቁና ሳያሳምሩ፣ ከየቋንቋው በየአነጋገሩ ይሰብስቡ። ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ ሕንጻ ላይ ድንጋይ ከተለጠፈ ከሹሙ ስም አስቀድሞ የግንበኞቹና የወዛደሮቹ ስም ይጻፍ። አራተኛ፣ እኛ ጸሐፊዎች መቅድማችንን እንመርምር።

ካድሬው ድንጋዩን ከመጣሉ በፊት ያንብብ። መምህሩ ድንጋዩን ከመሳለሙ በፊት ይጠይቅ። ከያኒውም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የተድሞርን ትንሽ መሠዊያና የሐዝራክን ታላቅ ሐውልት በሁለት እጁ ይመዝን። ታላቁ ሐውልት ተሰባብሮ በባዕድ ሙዚየም ቆሟል፤ የንጉሡም ሥልጣን አልፏል። ትንሿ መሠዊያ ግን ዛሬም በምናውቀው ጭንቅ፣ በምናውቀው ቃል ትናገራለች። የሚሰማት ጆሮ ማዘጋጀት የእኛ ሥራ ነው።